አምፔሩ ወይስ ሰዓቱ? በሲሪንቃ ማሳዎች ላይ ለሚበር ሞዴል አውሮፕላን ባትሪ የኃይል ምንጭ አመራረጥ

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ግልባጭ ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የቋንቋ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርእሴ ለብዙዎቻችሁ ትንሽ መስሎ እንደሚታይ አውቃለሁ። ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ ካሜራው፣ ስለ ምስል ትንተናው ብዙ ተነግሯል። እኔ የምናገረው ግን ከግድግዳው ሶኬትና ከባትሪው ቻርጀር መካከል ስለምትቀመጠው፣ አቧራ ለብሳ ጥግ ላይ ስለምትውለው ሣጥን ነው፤ ስለ ፓወር ሰፕላይ። ይህችን ሣጥን በአግባቡ ባለመምረጤ የአንዲት ተማሪ የአንድ ክረምት ልፋት ባክኗል፤ የአንድ ገበሬም ማሳ ለአደጋ ተጋልጧል። ስለዚህ ንግግሬ ግማሹ ትምህርት፣ ግማሹ ኑዛዜ ነው።

ያ ማለዳ

ሲሪንቃ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ቦታ ናት። በአማራ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማእከል መቀመጫ በመሆኗ ስሟ ከማሽላ ምርምር ጋር አብሮ ይነሣል። በዚያ አካባቢ ማሽላ ሲባል አቀንጭራም አብሮ ይነሣል። አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው መሆኑን ታስታውሳላችሁ። የአረሙ ክፋት በዘሩ ነው። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ያፈራል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪዬ በሲሪንቃ አቅራቢያ ባለ የገበሬ ማሳ ላይ የአቀንጭራን ስርጭት ከአየር በሚነሣ ምስል ለመለካት ተነሣች። ተገቢውን ፈቃድ ይዘን ከፎም የተሠራ፣ ሁለት ክንድ ያህል ስፋት ያለው ሞዴል አውሮፕላን ካሜራ ገጠምንበት። የማሳው ባለቤት ምስሉ እስኪነሣ ድረስ አረሙን ሳይነቅሉ እንዲያቆዩልን ለመንናቸው፤ እሳቸውም ፈቀዱ። ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። አቀንጭራ አብቦ ዘር እስኪይዝ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ገበሬው ከዚያ በፊት ካልነቀለው ለልጁ የሚተርፍ ጠላት ይዘራል።

ምስሉ ሊነሣ የታሰበው በመስከረም አንድ ቀን ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በስድስት ባትሪ፣ በስድስት ተከታታይ በረራ ነበር። ብርሃኑ ተመሳሳይ እንዲሆን ሁሉም በአንድ ጠዋት ማለቅ አለበት። ባትሪዎቹን ሌሊቱን ልንሞላ ከገበያ የገዛነውን፣ «12 ቮልት፣ 30 አምፔር» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን ፓወር ሰፕላይ ሰካን። ማለዳ ስንነሣ ከስድስቱ ባትሪዎች የተሞሉት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሌሊት ላይ ሣጥኑ ግሎ ራሱን ዘግቶ ነበር፤ ከዚያም መብራት ጠፍቶ መጥቷል፤ ቻርጀሩ ግን መብራት ሲመለስ ካቆመበት አልቀጠለም።

ገበሬው ቀድመውን ማሳው ዳር ቆመዋል። ሁለት ጊዜ በርረን ስናቆም «ልጄ፣ ወፊቱ ደከመች እንዴ?» ብለው ጠየቋት። «አባቴ፣ ምግቧን ሳንሰጣት አድረን ነው» አለቻቸው። በነጋታው ዝናብ ሆነ። በሦስተኛውም ቀን ደመናው አልገፈፈም። በአራተኛው ቀን አበባው ወደ ፍሬ መዞር ሲጀምር ተማሪዬ ውሳኔ ላይ ደረሰች፤ ምስሉ ይቅር፣ አረሙ ይነቀል አለች። ከገበሬው ቤተሰብ ጋር ሆነን ነቀልነው። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። መረጃው ግን ሁለት ስድስተኛ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ እሷም አንድ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነባት።

በዚያ ዓመት ያደረግሁት ነገር ቢኖር ቀድሞ ማድረግ የሚገባኝን ስሌት መሥራት ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ተቀምጠን እንታጠቅ።

ስሌቱ ከባትሪው ይጀምራል

በኤሌክትሪክ ሞተር የሚበር፣ በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 እንግሊዛዊው ኮሎኔል ታፕሊን በብርና በዚንክ ባትሪ እንዲህ ያለ አውሮፕላን አብርሯል። ዛሬ የምንጠቀምበት ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ግን ከዚያ እጅግ ቀላልና ብርቱ ነው፤ ቁጡም ነው። አንዱ ሴል በአማካይ 3.7 ቮልት ሲኖረው፣ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ከዚያ በላይ ከተገፋ ሊያብጥና ሊቀጣጠል ይችላል። ለዚህ ነው ፓወር ሰፕላይ በቀጥታ ከባትሪው ጋር የማይገናኘው። በመካከል እያንዳንዱን ሴል እየለካ፣ የጅረቱን መጠን እየወሰነ የሚሞላ ቻርጀር አለ። የፓወር ሰፕላዩ ሥራ ለቻርጀሩ የተረጋጋ ቀለብ ማቅረብ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ሊያጣ ይችላል።

የእኛ ባትሪ አራት ሴል በተከታታይ የተያያዙበት፣ 5000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ነው። ለባትሪው ዕድሜ ሲባል በአንድ ሰዓት ሒሳብ፣ ማለትም በ5 አምፔር፣ መሙላት ይመከራል። ወደ መሙላቱ መጨረሻ ቮልቴጁ 16.8 ስለሚሆን ከቻርጀሩ የሚወጣው ከፍተኛ ኃይል 16.8 ሲባዛ በ5፣ ማለትም 84 ዋት ነው። ሁለት መውጫ ባለው ቻርጀር ሁለት ባትሪ በአንድ ጊዜ ብንሞላ 168 ዋት ይሆናል። ቻርጀሩ ራሱ የሚያባክነው ሙቀት አለ፤ ከሚገባው 85 በመቶውን ያስተላልፋል ብንል መግቢያው ላይ 198 ዋት ይጠይቃል። በ12 ቮልት ከሆነ ይህ 16.5 አምፔር ነው።

ፓወር ሰፕላይን እስከ አፉ ድረስ ማሠራት ደግሞ እንደ በሬ ያለ እረፍት መጥመድ ነው። ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ ለሰዓታት እንዳይጫን ብንወስን 198 ሲካፈል ለ0.8፣ ማለትም 250 ዋት ገደማ፣ በ12 ቮልት 21 አምፔር የሚሰጥ ሣጥን ያስፈልገናል። የእኛው «30 አምፔር» ከበቂ በላይ መሆን ነበረበት። በኋላ ስንለካው 14 አምፔር ላይ ቮልቴጁ ወደ 10.6 ወርዶ አገኘነው። ወረቀቱ ዋሽቷል፤ እኛም ሳንፈትን አምነናል።

ፈተናው ቀላል ነው። ባለ 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፖል በ12 ቮልት 4.6 አምፔር ገደማ ይስባል። አራቱን ጎን ለጎን ብታገናኙ 18 አምፔር ይሆናል። ሣጥኑን በዚህ ጭነት ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ ቮልቴጁንም በቴስተር በየአምስት ደቂቃው መዝግቡ። ከ12 ቮልት ብዙም ሳይርቅ ጸንቶ ከቆየ ታማኝ ነው። እየተንሸራተተ ከወረደ፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከመጣ፣ ገንዘባችሁን ሳይሆን ሌሊታችሁን አትርፋችኋል ማለት ነው። አምፖሎቹ በጣም ስለሚግሉ በብረት ወይም በሸክላ ላይ ይቀመጡ።

12 ቮልት ወይስ 24 ቮልት?

ብዙ ቻርጀሮች ከ11 ገደማ እስከ 24 ወይም ከዚያ በላይ ቮልት ይቀበላሉ። ምርጫው የጣዕም ጉዳይ አይደለም። ያው 198 ዋት በ24 ቮልት 8.25 አምፔር ብቻ ነው። ሁለት ሜትር ርዝመት ባለው፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ደርሶ መልሱ 0.03 ኦም ገደማ መቋቋሚያ አለው። በ16.5 አምፔር ሽቦው ላይ ግማሽ ቮልት ይጠፋል፤ 8 ዋትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። በ8.25 አምፔር ግን የሚባክነው 2 ዋት ነው። ጅረት በግማሽ ሲቀንስ ብክነት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል፤ በመስክ ላይ ግን እንረሳዋለን።

ሁለተኛም ነገር አለ። ቻርጀሩ የሚቀበለው ጅረት ወሰን አለው። «400 ዋት» የተባለ ቻርጀር መግቢያው በ20 አምፔር የተገደበ ከሆነ፣ በ12 ቮልት የሚያገኘው 240 ዋት ብቻ ነው፤ የሚሰጠው ደግሞ 200 ገደማ። ትልቁ ቁጥር የሚገኘው በ24 ቮልት ነው። መመሪያውን የማያነብ ሰው ቻርጀሩ ተበላሸ ይላል።

ታዲያ 24 ቮልት ፈልጎ ሁለት ባለ 12 ቮልት ሣጥኖችን በተከታታይ ማገናኘት የሚያምረው አለ። በተለይ ከአሮጌ ሰርቨር ኮምፒውተሮች የወጡ ፓወር ሰፕላዮች ርካሽና ብርቱ በመሆናቸው ለዚህ ይፈለጋሉ። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። በእነዚህ ሣጥኖች ውስጥ የ12 ቮልቱ ነጌቲቭ ከብረቱ አካል ጋር፣ በእሱም በኩል ከመሬት ሽቦው ጋር የተያያዘ ነው። የሁለተኛውን ነጌቲቭ ከመጀመሪያው ፖዘቲቭ ጋር ስታገናኙ የመጀመሪያው ፖዘቲቭ በሁለተኛው አካል አልፎ መሬት ይነካል፤ የመጀመሪያው ነጌቲቭም እዚያው መሬት ላይ ነው። ውጤቱ ሾርት ነው። አንዳንዶች መፍትሔ ብለው የሁለተኛውን የመሬት ሽቦ ይቆርጡታል። ይህን ያደረገ ሰው ሾርቱን አስወግዶ ሞትን ጋብዟል። ውስጡ ያለው መከላከያ ቢላላ የብረቱ አካል 220 ቮልት ተሸክሞ ይቆያል፤ ፊውዝም አይቆርጠውም። 24 ቮልት የሚፈልግ ባለ 24 ቮልት ሣጥን ይግዛ።

በእጃችን ያሉ ሌሎች ነገሮችስ? የላፕቶፕ ቻርጀር፣ ለምሳሌ 19 ቮልት በ4.74 አምፔር የሚሰጠው፣ 90 ዋት ነው። ለአንድ ባትሪና ለታጋሽ ተማሪ በቂ ነው፤ ጥራቱም በአብዛኛው የታመነ ነው። የአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይም ይሠራል፤ ይሁንና በብዙዎቹ የ12 ቮልቱ መስመር ጸንቶ የሚቆመው የ5 ቮልቱ መስመር ላይ ጥቂት ጭነት ሲኖር ነው። የመኪና ባትሪ መሙያ ግን ብቻውን አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው ያልተስተካከለ፣ እየዘለለ የሚመጣ ጅረት ነው፤ የቻርጀሩን ልኬት ያዛባል።

የግድግዳው ወገን

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መውጫው ነው። በአካባቢያችን ግን ችግሩ የሚበረታው በመግቢያው በኩል ነው።

በሀገራችን የመስመሩ ቮልቴጅ 220፣ ፍሪክዌንሲው 50 ኸርዝ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በምሽት፣ እናቶቻችንና እኅቶቻችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጥዱ፣ አንዱ ምጣድ ሦስት ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚስብ፣ በረጅም መስመር ጫፍ ላይ ያለ ቤት ቮልቴጁ እጅግ ይወርድበታል። ስለዚህ ጀርባው ላይ «ከ85 እስከ 264 ቮልት» የሚል የተጻፈበትን ሣጥን ምረጡ። «ከ180 እስከ 264» የሚለው በእንጀራ ሰዓት ሥራ ሊያቆም ይችላል። እንጀራውን መውቀስ አይቻልም።

ከእነዚህ ሣጥኖች አንዳንዶቹ በጎናቸው 115 እና 230 የሚል ማብሪያ አላቸው። ከመሰካታችሁ በፊት ተመልከቱት። በ115 ላይ ሆኖ በ220 ሶኬት ቢሰካ ውስጡ ያሉት ሁለት ካፓሲተሮች እያንዳንዳቸው እስከ 311 ቮልት ይሞላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተሠሩት ግን ለ200 ቮልት ነው። እንደ ጥይት ይፈነዳሉ።

የመሬት ሽቦ ጉዳይም አለ። በብዙ ቤቶች ሶኬቱ የመሬት ቀዳዳ ወይም ብረት ይኖረዋል፤ ከጀርባው ግን ሽቦ የለም። የሣጥኑን ብረት ስትነኩ ጣታችሁን ንዝር ካደረጋችሁ፣ የማጣሪያው ካፓሲተሮች አካሉን ወደ መስመሩ ግማሽ ቮልቴጅ አንሥተውታል ማለት ነው። ጅረቱ ጥቂት ስለሆነ አይገድልም፤ ግን መልእክተኛ ነው። «መሬት የለኝም» እያለ ነው። መልእክተኛን መስማት ተገቢ ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ መሬት አስቀብሩ።

ስለ ከፍታም አንድ ቃል ልበል። በ1850 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ይከብዳል፤ ማራገቢያው የሚያወጣው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ብዙ ፓወር ሰፕላዮች የሚፈተኑት እስከ 2000 ሜትር ነው። ሲሪንቃ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ትላለች፤ ወልድያ ጥቂት ከፍ ትላለች። ከላይ የጠቀስሁትን የ80 በመቶ ገደብ በደጋ ቤት ወደ 70 ማውረድ ጥበብ ነው።

ጥያቄውን መገልበጥ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ። ይህን ሁሉ ሠርተን፣ ታማኝ የሆነ ባለ 250 ዋት ሣጥን ገዝተን ቢሆን ኖሮ ያ ማለዳ ይድን ነበር? አይድንም ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቻርጀሩ ያቆም ነበርና። በ2014 ዓ.ም. የጦርነት ወራት ወልድያና አካባቢዋ ያለ መብራት መሰንበታቸውን የምታስታውሱ፣ የጥቂት ሰዓታት መቋረጥን ቅንጦት ትሉት ይሆናል። ለምርምር በረራ ግን የሁለት ሰዓት መቋረጥ በቂ ጥፋት ነው።

ሌላም ስሕተት ነበረብን፤ ይህኛው የእኔ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሰው ተኝቶ ሳለ መሞላት የለበትም። ሌሊቱን ሙሉ ሰክተን መተኛታችን ባትሪዎቹ ባይሞሉም እንኳ ቤቱ ሳይቃጠል ማደሩ ዕድል ነበር። መምህር ሆኜ ያን መፍቀዴ አሁንም ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ሁለት ግዴታዎች አሉብን። ባትሪዎቹ ሰው ነቅቶ በሚጠብቅበት ሰዓት፣ ማለትም ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት፣ መሞላት አለባቸው፤ ሁለት ሁለት እያደረግን ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ ዙር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ይበቃል። በሌላ በኩል እነዚያው ሰዓታት መስመሩ የሚደክምባቸውና መብራት የሚጠፋባቸው ሰዓታት ናቸው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ምንም ዓይነት ትልቅ ፓወር ሰፕላይ አያስታርቃቸውም። የሚያስታርቃቸው ጎተራ ነው።

ጎተራው ተራ ባለ 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ነው። ስሌቱን እንመልከት። አንዱ የአውሮፕላን ባትሪ 14.8 ሲባዛ በ5፣ ማለትም 74 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ከበረራ ሲመለስ 20 በመቶ ይቀረዋል ብንል የሚሞላው 59 ነው፤ የቻርጀሩ ብክነት ሲጨመር 70 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ለስድስቱ 420። በ12 ቮልት ሲካፈል 35 አምፔር-ሰዓት ነው። ሊድ አሲድ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር 70 አምፔር-ሰዓት ዝቅተኛው ነው፤ በ16.5 አምፔር በፍጥነት ሲሳብ ደግሞ አቅሙ ስለሚቀንስ 100 ብንገዛ እንረጋጋለን።

አሁን ፓወር ሰፕላዩን ተመልከቱት። ሥራው ተለውጧል። በአራት ሰዓት ውስጥ 16.5 አምፔር ማቅረብ አይጠበቅበትም፤ ጎተራውን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ማግስቱ ምሽት 12 ሰዓት ባሉት ሃያ ሰዓታት ውስጥ መሙላት ብቻ ነው። 35 አምፔር-ሰዓት ለመመለስ ከብክነቱ ጋር 42 ያህል ያስፈልጋል። በ5 አምፔር ከስምንት ሰዓት ተኩል ብዙ አያልፍም፤ መጨረሻው ቀስ ስለሚል ጥቂት ይጨምራል። ስለዚህ መብራት ከሃያው ሰዓት ግማሹን ቢጠፋ እንኳ ጎተራው ይሞላል። ባለ 21 አምፔር ሣጥን ስንፈልግ የነበርን ሰዎች በ5 አምፔር ሣጥን ሥራችንን ጨረስን። ጥያቄያችን «ስንት አምፔር?» ነበር፤ ትክክለኛው ጥያቄ «በየትኛው ሰዓት?» ነበር።

ይህ ግን የራሱ የአመራረጥ ሕግ አለው። አንደኛ፣ ፓወር ሰፕላዩ ከአቅም በላይ ሲጠየቅ ጅረቱን ገድቦ መስጠቱን የሚቀጥል ዓይነት ይሁን። ብዙዎቹ ርካሽ ሣጥኖች ከአቅም በላይ ሲጠየቁ እየጠፉ እየበሩ «ስቅ» ይላሉ፤ የጎደለ ባትሪ ሲገጥማቸው ሌሊቱን ሙሉ ስቅ ሲሉ ያድራሉ። ጥሩ አውቶማቲክ የሊድ አሲድ ቻርጀር ይህን ችግር አያውቅም፤ ብቻውን የማይሆነውም መሣሪያ ከጎተራው ጋር ሲጣመር ባትሪው ጅረቱን ስለሚያለሰልስለት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሳይነቀል የሚቆይ ከሆነ የባትሪው ጫፍ ላይ የሚለካው ቮልቴጅ 13.8 ገደማ ይሁን። ሦስተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ወደ ኋላ ወደ ሣጥኑ እንዳይፈስ ዳዮድ ይግባ፤ ዳዮዱ የሚወስደውን የቮልት ክፋይ በማስተካከያው ብሎን መልሱት። አራተኛ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አንድ ስንዝር በማይርቅ ቦታ ፊውዝ ይግባ። ፓወር ሰፕላይ ሾርት ሲሆን ራሱን ይዘጋል፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ግን ሽቦውን እስኪያቀልጥ ይሰጣል። አምስተኛ፣ ባትሪው ሲሞላ ተቀጣጣይ የሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ መስኮት ባለው ክፍል ይቀመጥ፤ የሊቲየሞቹ መሙያ ቦታም ከእሱ ራቅ ብሎ፣ በአሸዋ ወይም በጡብ ላይ ይሁን። ስድስተኛ፣ ቻርጀሩ መግቢያው ከ11.5 ቮልት ሲወርድ እንዲያቆም አስተካክሉት፤ ጎተራውን አሟጦ እንዳይገድለው።

የጀመርነው የአውሮፕላን ባትሪ ይዘን ነበር፤ የደረስነው ግን ወደ ሌላ ቦታ ነው። ይኸው ጎተራ ለመስክ ላብራቶሪ ማይክሮስኮፕ፣ ለእርጥበት መለኪያ፣ ለጤና ኬላ መብራት በዚያው ስሌት ይሠራል። መስመር በሌለበት መንደርም 5 አምፔሩን ከፀሐይ ሰሌዳ ማግኘት ይቻላል።

መዝጊያ

በተከታዩ ዓመት ተማሪዬ ወደዚያው ማሳ ተመለሰች። ገበሬው በድጋሚ ፈቀዱ፤ ይህን ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል። ባትሪዎቹን ከዋዜማው ምሽት 12 ሰዓት ጀምሮ ሞላን። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን መብራት ጠፋ። ክፍሉ ጨለመ፤ የቻርጀሩ ትንሽ መስኮት ግን ብርሃኗን እንደያዘች ቁጥሯን መቁጠር ቀጠለች። በሻማ ብርሃን ተቀምጠን ስድስተኛው ባትሪ እስኪሞላ ጠበቅን። በማግስቱ ስድስቱም በረራ ተጠናቀቀ፤ ከሰዓት በኋላ አረሙ ተነቀለ።

ገበሬው ሲሰናበቱን «ዘንድሮ ወፊቱ በልታ መጣች» አሏት። እኔም የዛሬውን ንግግር ከዚህ በተሻለ ማጠቃለል አልችልም። ሳይንሳችን የቆመው በሰዎች እምነት ላይ ነው፤ ያ እምነት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ አቧራ በለበሰች ሣጥን ላይ ይንጠለጠላል።